የሊቀ መንገድ አንዳርጋቸው አቋራጭ

“አላውቅም” ማለት የማይችል ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ተመድቧል። ማን እንደሚመድባቸው አይታወቅም። እንደ እኛው ደሞዝ ይቀበላሉ፣ እንደ እኛው ስብሰባ ላይ ያንቀላፋሉ። መንገድ የጠፋበት እንግዳ በበሩ ብቅ ሲል ግን ይነቃሉ፤ አገጫቸውን ያቃናሉ፤ እንግዳውን ክንዱን ይዘው ይወጣሉ። ድፍን ኢትዮጵያን ብትዞሩ የእነሱን ያህል ለሰው የሚያስብ አታገኙም። እንግዳው የሚመለሰው ግን ጫማው አልቆ ነው።

ባሕር ዳር ለነበረው ፋብሪካችን የደረሰን አቶ አንዳርጋቸው ነበር። ከደሴ የመጣ የጥገና ክፍል ሠራተኛ ነው። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ አንገቱ ከቁመቱም የባሰ፣ ሲያወራ አገጩን ወደሚያወራለት አገር የሚቀስር ሰው ነበር። እኛ “ሊቀ መንገድ” የሚል ማዕረግ ሰጥተነው ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ክቡርነቱ ይህን ሹመት ሳይሰማ ለዓመታት አገልግሏል።

የማንኛውም ቦታ ስም ይነሣ፣ ሊቀ መንገድ “ዓይኔን ጨፍኜ እወስድሃለሁ” ይላል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “እኔ የማውቃት አቋራጭ አለች” ይላል። ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚወስድ እኔም ምስክር ነኝ። ያልተረጋገጠው ከፍቶ ወስዶ ያውቅ እንደሆነ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እሱን ግን የሚናፍቀው የማያውቀው አገር ብቻ ነበር።

ባሕር ዳር ደግሞ ሰው የሚጠፋባት ከተማ አይደለችም። መንገዷ በማስመሪያ የተሠመረ ነው። በአንድ በኩል ሐይቁ፣ በሌላ በኩል ዓባይ ይዟታል፤ ከዚያ በላይ ልሂድ ብትል እግርህ ይርሳል፣ ትመለሳለህ። በዚህች ከተማ ላይ ነው እንግዲህ አንዳርጋቸው ከሐረር የመጣ አንድ ወጣት አስተማሪን ከአውቶቡስ ጣቢያ ሹም አቦ ሰፈር ላድርስህ ብሎ የተነሣው። የዓባይን ድልድይ ተሻገሩ። ዓባይ ማዶን አዩ። ተመለሱና ከከተማው ዳር ሰባታሚት ድረስ ወርደው የሰው ማሳ አቋረጡ። አስተማሪው የተከራየው ቤት የደረሰው ሲመሽ ነው። ጠዋት ሲነሣ አውቶቡሶቹ ሲያጓሩ በመስኮቱ ይሰማዋል፤ ቤቱ ከጣቢያው የአንድ ሲጋራ መንገድ ነበር። አንዳርጋቸው ይህን ሲነግሩት አልተቆጣም። “ከተማውን አስጎበኘሁት እንጂ ምን በደልሁት?” አለ።

ለቅሶውንም ላንሣ። የአንድ ባልደረባችን አባት ሰባታሚት አርፈው፣ ክፍላችን በሙሉ በእግር ለቅሶ ሊደርስ ወጣ። ከፊት ሊቀ መንገድ ነው። ድንኳን አየንና “አባቴ፣ አባቴ” እያልን ገባን። እኔ ስለ ሰውዬው ብዙ ሰምቼ ስለ ነበር ከልቤ ነው ያለቀስኩት። ንፍሮ በልተን፣ ደረት የመቱትም አረፍ ብለው፣ ባልደረባችንን በዓይናችን ብንፈልገው የለም። ሟቿ አሮጊት ነበሩ። ልጃቸው እኛን እያየች “እማዬ ይህን ያህል በፋብሪካ ሰው የምትወደድ መሆኗን አላውቅም ነበር” ብላ እንደገና ታለቅሳለች። ስንወጣ ሁላችን አንዳርጋቸው ላይ አፈጠጥን። እሱ አገጩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ቀስሮ “ለቅሶ ለቅሶ ነው። ደግሞ ያኛው ከዚህ ቅርብ ነው” አለ። ቅርብ አልነበረም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅኩ የአማቴን ጉልበት ለዚህ ሰው አደራ መስጠቴ ምን ይባላል? እስካሁን ድረስ ግራ ይገባኛል።

ዓመቱ ሰባ አምስት ይመስለኛል። አንዳርጋቸው ሰባ አራት ነው ይላል፤ ስለዚህ ሰባ አምስት ነው። ባለቤቴ ሰገነት የመጀመሪያ ልጃችንን፣ ሴት፣ በኅዳር ተገላግላ ነበር። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ልጃቸውን ሊያርሱ ከዳንግላ መጡ። መጥተው ሳይሰነብቱ የሐይቁ ብርድ ጉልበታቸው ውስጥ ገባና አራሿ ተነሥታ አራሿን የሚያርሱት ተኙ። በታኅሣሥ ግድግዳ ይዘው ነበር የሚሄዱት። ጥር ሲገባ ግድግዳና ከዘራ ሁለቱንም ፈለጉ። ክሊኒክ ኪኒን ሰጣቸው፤ ዋጡት፤ ጉልበታቸው ግን የኪኒኑን መምጣት የሰማ አይመስልም።

እሳቸውን የጨነቃቸው ሕመሙ አልነበረም። የሕፃኗ ክርስትና ቀርቧል። እሳቸው ደግሞ የልጃቸውን ልጅ ታቅፈው፣ በእግራቸው ሄደው፣ ጊዮርጊስ ደጅ ሊያደርሷት ገና ከመወለዷ በፊት ወስነዋል። ማታ ማታ እሳት ዳር ጉልበታቸውን እያሹ አንድ ነገር ይላሉ፦

“ሰባት ወልጄ ስድስት ቀብሬ፣ የቀረችኝ ልጅ የወለደቻትን በሰው ተደግፌ ነው የማስጠምቅ? እሱስ አይሆንም። ፍል ውኃ ውሰደኝ፣ አስናቀ።”

ዋንዛዬ የሚባል ፍል ውኃ እንዳለ ከእኔ በቀር የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጥፋቴ በምሳ ሰዓት ጮክ ብዬ መጠየቄ ነው። ሊቀ መንገድ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ አገጩን ወደ ሰሜን ቀሰረ።

“ዋንዛዬ? ዓይኔን ጨፍኜ እወስዳችኋለሁ። ደግሞ እስከዚያ ተደርሶ ጉዛራን ሳያዩ መመለስ ነውር ነው።”

ጉዛራ በጎንደር መንገድ ያለ የጥንት ነገሥታት ግንብ ፍርስራሽ ነው። ያኔ እኔ አላየሁትም። አንዳርጋቸው ማየት አለማየቱን አልተናገረም።

“ሁለቱን በአንድ ቀን?” አልኩት።

“እኔ የማውቃት አቋራጭ አለች” አለ።

መኪናው የጎረቤታችን የመስዑድ ነበር። የመስዑድ አባት ሐይቅ ዳር ጀልባ ይሠራሉ፤ እሱ ግን ውኃ ሰለቸኝ ብሎ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ይነዳል። ለእማማ ጉልበት ከሆነ ብሎ እሑዱን ሰጠን። የጥምቀት ሰሞን ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አማቴን በሁለት ጋቢ ጠቅልለን ከኋላ አስቀመጥናቸው። አንዳርጋቸው ከፊት፣ ከመስዑድ ጎን ተሰየመ።

ድልድዩን እንዳለፍን ኬላ ላይ አስቆሙን። ጠመንጃ የያዘው ጠባቂ የይለፍ ወረቀታችንን አገላብጦ “ወዴት ናችሁ?” አለ። እዚህ ላይ መልሱ አንድ ቃል ነው። አንዳርጋቸው ግን ወርዶ፣ በአገጩም በእጁም፣ ከሐሙሲት ጀምሮ ያለውን ወንዝና ጉብታ ሁሉ ይዘረዝርለት ጀመር። ጠባቂው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ሲያይ ቆየና “አሁን እናንተ እየሄዳችሁ ነው እየመጣችሁ?” ብሎ ጠየቀ። ከዚያ መልሱን ሳይጠብቅ ገመዱን ዝቅ አደረገልን።

ሰው ሁሉ የሚታጠፍበት ቦታ ስንደርስ መስዑድ ቀዝቀዝ አደረገ።

“ጋሼ አንዳርጋቸው፣ ሰው በዚህ ነው የሚሄደው።”

“ሰው አቋራጩን ስለማያውቅ ነው። ንዳው።”

ነዳው። ትንሽ ቆይቶ መንገድ የሚባለው ነገር አለቀና በማሳ ውስጥ ሆንን። ደረቅ ጅረት ወረድን፣ ወጣን። አንድ አውድማ ላይ ገበሬዎች ጤፍ ያበራያሉ፤ እጃችንን አነሣንላቸው፣ አነሡልን። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሌላ አውድማ አገኘን። ሌላ አልነበረም፤ ያው ነው። ገበሬዎቹ ሳቁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስንደርስ የአውድማው ባለቤት አቁሞን በቅል ጠላ ሰጠን። መስዑድ ጠላ ስለማይጠጣ ውኃ አመጡለት። እግረ መንገዱን መንገዱን ሊጠይቃቸው አፉን ሲከፍት አንዳርጋቸው ጉልበቱን ያዝ አደረገው።

“መጠየቅ የእንግዳ ነው” አለ በሹክሹክታ።

መስዑድ ተነፈሰ። “ሐይቅ ላይ መንገድ የሚባል ነገር የለም፣ ጋሼ አንዳርጋቸው። ግን ወላሂ፣ እንዲህ ጠፍቼ አላውቅም።”

እኔ እየበሸቅኩ ነበር። አማቴ ግን ከጋቢያቸው ውስጥ ሆነው “ግድ የላችሁም፣ በመኪና መጥፋት በእግር ከመጥፋት ይሻላል” አሉ።

ወደ ቀትር ግድም አንድ ጉብታ ላይ ግንብ ታየ። ጣሪያ የለውም። የድንጋይ ግድግዳው ከሰው ቁመት እጥፍ ይሆናል፤ በመስኮቶቹ እርግብ ይገባል ይወጣል፤ ወለሉን አረም በልቶታል። አንዳርጋቸው ከመኪናው ሳይወርድ ኮፍያውን አወለቀ።

“ጉዛራ” አለ፣ ቀስ ብሎ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ተነካ። ወርደን ገባን። ሊቀ መንገድ እየዞረ ያሳየናል፤ እዚህ ጋ ዙፋኑ፣ እዚህ ጋ ግምጃ ቤቱ፣ በዚህ በር ንጉሡ በፈረስ ይገቡ ነበር። ድንጋዩ ለጥንት ድንጋይ በጣም የተስተካከለ መሰለኝ። አንድ ጥግ ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ አየሁና አነሣሁት።

“እሱ የጥገና ሰዎች የጣሉት ነው” አለ ሳላናግረው።

አማቴ በእኔና በመስዑድ ትከሻ ተደግፈው ገብተው ግድግዳውን ወደ ላይ ያያሉ። ከዚያ ያን ጥያቄ ጠየቁ።

“ታቦት ነበረበት?”

አንድ ሰው “አላውቅም” የሚል ቃል ካስፈለገው ያን ጊዜ ነበር። አንዳርጋቸው ግን “እንዴታ” አለ።

“ማን ነበር?”

ዓይኑን ወደ እርግቦቹ አነሣ። “ጊዮርጊስ” አለ።

ወለተ ጊዮርጊስ የጊዮርጊስ ስም ሲነሣ ተቀምጠው አይሰሙም። ትከሻችንን ለቀቁ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ግድግዳውን ተደግፈው በግንባራቸውም በከንፈራቸውም ተሳለሙት።

“ጊዮርጊስ ሆይ፣ ስሜ ባንተ ነው” አሉ። “ይህን ጉልበቴን ፈውሰህልኝ፣ የልጄን ልጅ ታቅፌ በእግሬ ሄጄ ካስጠመቅሁ፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ ይዤ እዚሁ ደጅህ እመጣለሁ። ተስያለሁ።”

ስለት የዋዛ ነገር አይደለም። ሰው ብድሩን ሊረሳ ይችላል፤ ስለቱን ያልከፈለ ግን ልጁ ባነጠሰ ቁጥር ይደነግጣል። አንዳርጋቸውን አየሁት። ኮፍያውን በደረቱ ላይ ይዞ፣ በራሱ ወሬ ተነክቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ከጉብታው ስንወርድ መኪናዋ ጨሰች። መስዑድ ክዳኑን ከፍቶ “ራዲያተሩ ውኃ ጠምቶታል” አለና ጀሪካን ይዞ ወደ ታች ሸለቆ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ እጁን እያራገፈ፣ እየሮጠ መጣ።

“ውኃው ያቃጥላል” አለ።

ፍል ውኃ ነበር። ከድንጋይ ሥር ይፈልቃል፤ ቀዝቃዛው አየር ላይ እንፋሎቱ ይነሣል። አንዳርጋቸው ዞር ብሎ አየኝ። “ዓይኔን ጨፍኜ እወስዳችኋለሁ አላልሁም?” አለ። ምን ይባላል? አማቴን ተሸክመን ወረድን።

አንዲት ገበሬ ሴት፣ አገርነሽ የምትባል፣ ልብስ እያጠበች ነበር። አማቴን አየችና እኛን ከቋጥኝ ጀርባ አባረረችን። “ቀስ ብለው ይግቡ፣ እናቴ። መጀመሪያ እግርዎን ይልመድ” ስትል ይሰማናል። ቆይታ ጋቢውን ልትወስድ ወደ እኛ መጣች።

“ይህ ዋንዛዬ ነው አይደል?” አልኳት።

“ዋንዛዬማ ወዲያ ማዶ ነው፣ በእግር ግማሽ ቀን። ይሄ ስም የለውም። ልብስ እናጥብበታለን፤ ወገቡን ያመመውም ይነከርበታል።”

አንዳርጋቸው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ቀጠልኩ።

“ላይ ያለው ግንብስ? የየትኛው ንጉሥ ነበር?”

“የምን ንጉሥ? የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ነው እንጂ። ግድግዳው አልቆ፣ ቆርቆሮ ይመጣል ተብለን፣ ይኸው ስንት ክረምት ዘነበበት።”

“ጊዮርጊስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አልነበረበትም?”

“የኛ ደብር ሚካኤል ነው፣ ያውም ማዶ። ከመጋዘኑ በፊት የበቆሎ ማሳ ነበር።” ጋቢውን ይዛ ሄደች።

ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለው ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ነውና፣ ከመጋዘኑ ሥር ሌላ ቤተ መንግሥት አለ እስኪለኝ ጠበቅኩ። አንዳርጋቸው አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ከቋጥኙ ወዲያ አማቴ ውኃ ውስጥ ሆነው የሆነ የልጅነት ዜማ ያንጎራጉራሉ። ከመጡ ጀምሮ ሲያንጎራጉሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ “አገርነሽ፣ እይኝማ፣ ቆምሁ እኮ” አሉ።

“ዛሬ አንነግራቸውም፤ አይደል?” አለኝ አንዳርጋቸው።

“ዛሬ አንነግራቸውም” አልኩት።

የመስዑድን ጀሪካኖች በፍል ውኃ ሞላናቸው። ወደ ዋናው መንገድ ያወጣችን አገርነሽ ናት፤ ከፊት ከፊታችን እየሄደች። አንዳርጋቸው በመንገዱ ሁሉ አገጩን ወደ የትም አልቀሰረም።

ፍል ውኃው ይሁን፣ ማታ ማታ በሞቀ ጨርቅ መታሸቱ ይሁን፣ ኪኒኑ ዘግይቶ ደርሶ ይሁን፣ ስለቱ ይሁን፣ አላውቅም። እኔ አላውቅም ማለት አይከብደኝም። በክርስትናው ጠዋት ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሕፃኗን ታቅፈው፣ ያለ ከዘራ ከቤት ወጡ። ከዘራውን እኔ ይዤ ከኋላ እከተላለሁ፤ ምናልባት ቢፈልጉት ብዬ። አልፈለጉትም። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ደጅ ደርሰው ደፉን ሲረግጡ ሰገነት ታለቅስ ነበር፤ እኔም አለቀስኩ፤ ከሁላችን ጮክ ብሎ ያለቀሰው ግን አጥሩ ሥር የቆመው ሊቀ መንገድ ነው። ያለቀሰው ለደስታ ብቻ እንዳልሆነ እኔና እሱ ብቻ ነን የምናውቀው።

ብዙም ሳይቆይ ጥላው መጣ። አማቴ በሰው አዲስ አበባ ልከው ያስመጡት፣ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ነው። ያቺ አንድ ክፍል ቤታችን ውስጥ ጥግ ይዞ ሲቆም አምስተኛ ቤተሰብ የተጨመረ መሰለን። ከዚያ በኋላ የየማታው ቃል ተለወጠ፦

“አስናቀ፣ መቼ ነው ጉዛራ የምትወስዱኝ?”

አንድ ጊዜ ቤንዚን የለም አልን። አንድ ጊዜ መኪናዋ ታማለች አልን። ሊቀ መንገድም ቤታችን መምጣት ተወ። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሹፌር ግሽ ዓባይ በየት በኩል ነው ብሎ ቢጠይቀው “ሌላ ሰው ጠይቅ” አለው። ወሬው በአንድ ቀን ክፍል ለክፍል ተዳርሶ፣ ሰው ታሟል ብሎ ሊጠይቀው ሄደ።

በሚያዝያ መጀመሪያ ሕፃኗ ሳል ያዛት። ቀላል ሳል ነው፤ ጎረቤት ልጅ ሁሉ ያስለው ነበር። አማቴ ግን ሽሮፑን ሰጥተዋት ወደ ጥላው ዞሩ።

“ስለቴ ነው” አሉ። “አዘገየሁት። ጊዮርጊስ ቸኩሎ ነው የሰጠኝ፤ እኔ ጥላ ጥግ አስደግፌ እቀመጣለሁ። በዚች ልጅ መጣብኝ።”

ሰገነት አየችኝ። ወጥቼ አንዳርጋቸው ቤት ሄድኩና የሰማሁትን ነገርኩት። ጫማውን አጠለቀና ተከተለኝ።

ገባ። ኮፍያውን አወለቀ። ተቀመጥ ቢሉት አልተቀመጠም።

“እማማ፣ ያ ግንብ ጉዛራ አይደለም” አለ። “ጊዮርጊስም የለበትም። የገበሬ ማኅበር መጋዘን ነው። ታቦት ነበረበት ሲሉኝ . . . አላውቅም ነበር።”

ሰገነት ሕፃኗን እንደያዘች ቆመች። አማቴ ጥላውን አዩ፣ አንዳርጋቸውን አዩ።

“መጋዘኑስ የት ነው?” አሉ።

“እሱንም አላውቅም።”

በአንድ ማታ ሁለት ጊዜ። ሰውየው ቁመቱ የቀነሰ መሰለኝ፤ አንገቱ የት እንደ ገባ እንጃ። በሽቄበት የማውቀውን ሁሉ ረሳሁትና አሳዘነኝ። ነገሩን ላለዝብ ብዬ “እማማ፣ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ እዚሁ አጠገባችን ነው፤ ጥላውን ለእሱ ብንሰጠውስ?” አልኩ።

“እዚህ አልተሳልሁም” አሉ። “የተሳልሁ እዚያ ነው። የሰማኝም እዚያ ቆሜ ነው።” ወደ አንዳርጋቸው ዞሩ። “አንተ ልጅ፣ ዋሽተኸኛል። ንስሐህን ለነፍስ አባትህ ንገር። እኔ የተሳልሁ ግን ለግንቡ አይደለም። ጊዮርጊስ ደግሞ ፈረሰኛ ነው፤ በዚያ ሲያልፍ አግኝቼው እንደሆነስ ምን ታውቃለህ?”

“አላውቅም” አለ አንዳርጋቸው። ለመደው።

“ጣሪያ አለው መጋዘኑ?”

“የለውም፣ እማማ።”

“እንግዲያማ ጥላው የባሰ ያስፈልገዋል” አሉ። “ፈልገህ ትወስደኛለህ።”

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ለእኛ የላብ አደሮች ቀን ነበር፤ ለእማማ ዓመታዊው ጊዮርጊስ ነው። ጠዋት ሰልፍ ወጣን። አንዳርጋቸውን መሐል ነበር ያሰለፉት፤ ከፊት ቢቆም ሰልፉ ሐይቅ ይገባል ብለው የፈሩ ይመስለኛል። መፈክሩን እንደ ጨረስን፣ ቀይ ሻሻችንን ሳናወልቅ፣ የመስዑድ መኪና ውስጥ ገባን። ጥላው ስላልታጠፈ ጫፉን በመስኮት አወጣነው። የኬላው ጠባቂ ቀዩን ጥላና ቀዩን ሻሽ አይቶ ሰልፍ የምንቀጥል መሰለው፤ ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፈን።

ያን ቀን አንዳርጋቸው ጠየቀ። ያገኘውን ሰው ሁሉ ጠየቀ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሲያገኝ ወርዶ ኮፍያውን አውልቆ “መንገድ ጠፍቶኝ ነው፣ እህቶቼ” ይላል። ቄስ ጠየቀ፣ ነጋዴ ጠየቀ። የነገሩትን ደግሞ እንደ ነገሩት አደረገ። ደረስን። በፍጥነት ነው የደረስነው፤ አንድም አውድማ አላየንም። መስዑድ ሁለት ጊዜ አዛጋ።

መጋዘኑ እንዳለ ነው። የሚያዝያ ካፊያ ጀምሯል። ውስጡ ጥቂት የዘር ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ ከረጢቶቹ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ፣ አቶ ቢያዝን፣ በፕላስቲክ ተሸፍነው ጠመንጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። አማቴ ጫማቸውን አወለቁ። ያንኑ ግድግዳ፣ ያንኑ ቦታ ፈልገው ተሳለሙ። ከዚያ ጥላውን ከአንዳርጋቸው እጅ ተቀብለው ለዘበኛው ሰጡ። አቶ ቢያዝን ጥላውን አዩ፣ ሻሻችንን አዩ፣ ግራ ገባቸው።

“ከወረዳ ነው?” አሉ። “ቆርቆሮ ነው እኮ የጠየቅነው።”

“ከጊዮርጊስ ነው” አሉ አማቴ።

ሽማግሌው አማተቡ። ጥላውን ዘረጉት፣ ከረጢቶቹ መሐል ተከሉት፣ ሥሩ ተቀመጡ። የወርቁ ዘርፍ ላይ ካፊያው ይንጠባጠባል። አማቴ ቆመው ረጅም ጊዜ አዩት፤ ሕፃኗ በመታመሟ ከመጣባቸው ጭንቀት ፊታቸው ሲፈታ እኔ ጎናቸው ነበርኩ።

ስንመለስ፣ አንዳርጋቸው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ ቀጥታ ያያል። መንገዱን አሁን በትክክል ያውቀዋል፤ ጠይቆ ያወቀው መንገድ ነው። መታጠፊያ ስንደርስ በትሕትና “በዚህ ይመስለኛል፤ እንጠይቅ?” ይላል። ሁልጊዜም ልክ ነው። ይህን ሰው ስንት ዓመት እግሬ እስኪላጥ ተከትዬ፣ ባገሬ ሰው ሁሉ ፊት አምቼው፣ አሁን እንዲህ ሆኖ ሳየው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። ቶሎ እቤት መድረስ እንደዚያ ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም።

“አንዳርጋቸው” አልኩት፣ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። “የምታውቃት አቋራጭ የለችም?”

ዞሮ አየኝ፤ የምቀልድበት መስሎት። ከዚያ ወደ አማቴ ዞረ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“እኔም ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ደህና ነው” አሉ። “ካለች ውሰደን።”

አገጩ ቀስ እያለ ከደረቱ ተነሣ። በመስኮት ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፤ ከዚያ ወደ ግራ ተቀሰረ።

“አለች እንጂ” አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መስዑድ መሪውን አጠፈው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ብዙ ማሳና ብዙ ጅረት አቋርጠን፣ ያንኑ አውድማ አገኘነው። ባለቤቱ ገና ከሩቅ ሲያየን ቅሉን ይዞ ወጣ፤ በሌላው እጁ ለመስዑድ ውኃ ይዟል።